አፋፉ ላይ የሌለችው ዛፍ

ማስትሮ ዛኖቢ በአራቱ ባለ አክሊል ሰማዕታት በዓል ጠዋት ከአሮጌው የድንጋይ ካባ ሥር በጀርባው ተንጋሎ ተገኘ። የራስ ቅሉ ከኋላ ተፈርክሷል። ፊቱ ግን ምንም አልሆነም፤ እንዲያውም ስቆ ሳይጨርስ የሞተ ይመስላል። ከበላዩ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ፣ የሥዕል ሰሌዳው እንደተዘረጋ ነው። ሰሌዳው ላይ አንድ ወረቀት፣ ከወረቀቱ አጠገብ የቀለም ቀንድና የዝይ ላባ ብዕር አለ። ነፋስ እንዳይወስደው ወረቀቱ ላይ ጠጠር ተጭኖበታል።

በመንደራችን በሴቲኛኖ ከፊሉ ሰው ድንጋይ ይቆርጣል፤ የቀረው ድንጋይ ቆራጮቹን ይቀብራል። ስለዚህ ገደል የገባ ሰው ብዙም አያስደንቀንም። ያስደነቀን ቀኑ ነው። አራቱ ሰማዕታት በሕይወታቸው ቀራጮች ነበሩና በዓላቸው የድንጋይ ሠራተኞች ማኅበር በዓል ነው። በዚያ ቀን መሮ የሚያነሳ፣ መዶሻ የሚጨብጥ፣ ከዳቦ በቀር ለምንም ነገር ቢላዋ የሚመዝ የማኅበሩ ሰው የለም። ዛኖቢ ደግሞ ዕድሜውን ሁሉ እብነ በረድ ሲጠርብ የኖረ፣ በዓሉን አንድም ጊዜ ያልሻረ ሰው ነው። አሁን ብዕር ይዞ ሲሠራ ሞተ ተባለ።

«ሰማዕታቱ ናቸው የገፉት» አለ ሬሳውን ያገኘው ድንጋይ ቆራጭ ቢንዶ። «በበዓላቸው ሲጭር ዝም ይሉታል?»

«አራቱም ናቸው የገፉት?» አለ ሴር ጌራርዶ።

«ኧረ አንዱ ይበቃዋል። ሽማግሌ እኮ ነው።»

ሴር ጌራርዶ ነገሩን እንዲያጣራ ከፍሎረንስ ሸንጎ የተላከ ጸሐፊ ነው። እኩለ ቀን ላይ በበቅሎ ደረሰ። ወፍራም ነው፤ ጉንፋን ይዞታል፤ ኪሱ ውስጥ የተጠበሰ ሽምብራ አለ። ወደ ሬሳው ወርዶ ሁሉም ሰው የሚያየውን ጭንቅላት ትቶ እጆቹን አነሳ። ጣቶቹን አንድ በአንድ ገለጠ፤ ጥፍሮቹን አየ። ከዚያ ወደ አፍንጫው ወሰዳቸውና ተስፋ ቆረጠ።

«አሽትልኝ» አለው ቢንዶን።

«የሬሳ እጅ?»

«የእኔ አፍንጫ ዛሬ አይሠራም። እሱም በዓል ይዟል መሰለኝ።»

ቢንዶ አማተበና አሸተተ። «ሎሚ» አለ።

አፋፉ ላይ ሲወጡ ሴር ጌራርዶ እያለከለከ ወረቀቱ ፊት ተንበረከከ። የተሣሉት ከሸለቆው ማዶ ያሉት ኮረብቶች ናቸው፤ አንድ የእርሻ ቤት፣ አንድ የሚጠማዘዝ መንገድ። ቅዱስ የለ፣ ሰው የለ፣ ከብት የለ። ጭረቶቹ በየኮረብታው ጀርባ ዙሪያ ይዞራሉ፤ ባለጥርስ መሮ ድንጋይ ላይ እንደሚተወው መስመር። ብርሃኑን አልሳለውም፤ ወረቀቱን ባዶ ትቶለታል። ይህ ሁሉ ጥቁር ሆኖ ሳለ በግራ በኩል፣ ወረቀቱ ዳር ላይ፣ አንዲት ረጅም ዛፍ ቅርንጫፏን ወደ ሰማዩ ዘርግታ ቆማለች። እሷ ጥቁር አይደለችም፤ እንደ ዕቃ እጣቢ ገርጥታለች።

ሴር ጌራርዶ ቀና ብሎ ወደ ግራ ተመለከተ። የተቆረጠ ራቁት ድንጋይ ነው። ዛፍ ቀርቶ እሾህ አልበቀለበትም።

«ማስትሮ ከልቡ እያፈለቀ ይስል ነበር?»

«እሱ? ያየውን ብቻ! አንድ ቀን የእኔን አህያ መንገዱ ላይ ሳላት። አህያዋ ተነስታ ስትሄድ በቢላዋ ፋቃት። ‹አሁን የለችም› አለኝ።» ቢንዶ ነገሩ እስካሁን ያናደደው ይመስላል። «ቆንጆ አህያ ነበረች።»

ሴር ጌራርዶ ወረቀቱን ጠቀለለና አነጠሰ።

በዛኖቢ ቤት ፍርዱ ቀድሞ አልቋል። ላፖ የሚባለው የዛኖቢ ደቀ መዝሙር፣ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ጎልማሳ፣ እጁ ታስሮ ወይን ጓዳ ውስጥ ተጥሏል። ሴር ጌራርዶ በማግስቱ ከሰዓት ወደ ፍሎረንስ ይዞት ይወርዳል፤ ፍሎረንስ ደግሞ ጌታውን የገደለ ሠራተኛ ሲመጣላት ገመድ ለማዘጋጀት ጊዜ አትፈጅም።

«ላፖ ነው» አለች የሟች ሚስት ሞና ድያኖራ፣ ሴር ጌራርዶ ገና ሳይቀመጥ። «ትናንት ራት ላይ ሁሉም ሰምቷል። ‹ያንን ሰሌዳ ከነባለቤቱ ገደል እከተዋለሁ› አለ። ጠዋት ደግሞ ከካባው መንገድ ሲወርድ ታየ። ምን ይጣራል?»

«ለምን ተናደደ?»

«ባሌ ኮረብታ መጫር ከጀመረ ወዲህ እሱን ማስተማር ተወ። መሮ ሳያነሳ አንድ ዓመት ሊሞላው ነው። ላፖ ቀና።»

«እርስዎስ አይቀኑም ነበር?»

ሞና ድያኖራ የሐዘን ሻሿን አጠበቀች። «በልጅነቴ ሌላ ሴት ሲያይ ባገኘው የሴትዮዋን ፀጉር እነጭ ነበር። ኮረብታ ምኑ ይነጫል? ጎህ ሲቀድ ተነስቶ ይሄዳል፤ ሲመሽ ዓይኑ እንደ ሙሽራ በርቶ ይመጣል። እኔን እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም።» እጆቿን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው። እስከ አንጓዋ ጠቁረዋል። «ቀለሙንስ ማን ያዘጋጅለታል? እኔው ነኝ፤ ከባሉጥ ዛፍ እባጭና ከብረት ጨው። ትናንት አዲስ አጠለልኩለት። የገዛ ጣውንቴን እየቀለብኩ!»

«የእሱ ጣቶች ግን ንጹሕ ናቸው።»

«ለበዓሉ ነዋ። ትናንት ከራት በፊት በሎሚና በፍሩሽካ አሸሁለት። ብዕሩን እንደ መሮ ጫፉ ላይ ጨምድዶ ነው የሚይዘው፤ አንድ መስመር አስምሮ ጣቱ ሳይጠቁር አይነሳም። ላፖም ከእሱ ስለተማረ እንደዚያው ነው። ድንጋይ የያዘ እጅ ሌላ አያያዝ አያውቅም። ለላፖም ሎሚ የሰጠሁት እኔ ነኝ። ሎሚዬ ይቆጨኛል።»

ወይን ጓዳው ውስጥ ላፖ በርሜል ተደግፎ ተቀምጧል። ሴር ጌራርዶ መብራት አስጠግቶ የታሰሩትን እጆች አገላበጠ፤ በጣቶቹ መካከል፣ በጥፍሮቹ ሥር። ምንም የለም። አንድ እፍኝ ሽምብራ መዳፉ ላይ አደረገለት።

«ጠዋት ወደ ካባው ለምን ወጣህ?»

«ይቅርታ ልጠይቀው።»

«ጠየቅኸው?»

«ሳልደርስ ተመለስኩ።»

«ለምን?»

ላፖ ሽምብራውን መዳፉ ላይ አንከባለለ። «ሲስቅ ሰማሁ።»

«ሰው ሳቀ ተብሎ ይቅርታ ይቀራል?»

«ማስትሮ ብቻውን አይስቅም፤ ሴር። ከእኔ ጋር ደግሞ ስቆ አያውቅም። ስንት ዘመን አብሬው አቧራ ስውጥ እንደዚያ ስቆልኝ አያውቅም። ከማን ጋር እንደሆነ ላይ አልፈለግኩም።»

«እኔ የምልህ፣ ላፖ፣ ትንሽ ብትቀና ኖሮ ሄደህ ታይ ነበር። ዛሬ ምስክር ትሆን ነበር። አንተ ግን ከልክ በላይ ቀናህና እስረኛ ሆንክ።»

«ይሰቅሉኛል?»

«ብላ» አለው ሴር ጌራርዶ።

ሠዓሊው ኮርሶ መመገቢያ ክፍሉ ውስጥ ነበር። የዛኖቢ የልጅነት ጓደኛ ነው፤ ለበዓሉ ራት ከፍሎረንስ ተጠርቶ የመጣ እንግዳ። ከሐር የተሠራ ባርኔጣ ደፍቷል፤ የእጅጌው ጫፍ እንደ ወተት ነጭ ነው። ፊቱ ላይ ሐዘን፣ ፊት ለፊቱ ደግሞ ግማሽ የቀዘቀዘ ዶሮ አለ።

«ሳዝን ይርበኛል» አለ።

«እኔ ደስ ሲለኝም ይርበኛል» አለ ሴር ጌራርዶ ወንበር እየሳበ። «ጠዋት የት ነበሩ?»

«ተኝቼ። የዛኖቢ ወይን እንደ ሥራው ነው፤ ራስ ላይ ይወድቃል። ያስነሳኝ የሴትየዋ ጩኸት ነው።»

«በእርስዎ ማኅበርስ በዚህ ቀን ሥራ አይሠራም?»

«የእኛ? እኛ ሠዓሊዎች ከመድኃኒት ቀማሚዎች ጋር ነን፤ ጠባቂያችንም ቅዱስ ሉቃስ ነው። የድንጋዮቹን ሥርዓት ማን ያውቀዋል? በዓል ነው ና ብላ አሉኝ፤ መጣሁ፣ በላሁ።»

ሴር ጌራርዶ ወረቀቱን ፈታና ዶሮው አጠገብ ዘረጋው። «እኔ ከጽሑፍ በቀር አላውቅም። እስቲ ይህ ነገር ምን ያህል ጥሩ ነው?»

ኮርሶ ጣቱን ጠርጎ ጎንበስ አለ። «ነፍሱን ይማረው። ይኸው ኮረብቶቹን ይመልከቱ፤ ከባድ ናቸው፤ በጫንቃው ተሸክሞ ያመጣቸው ይመስላሉ። ሰማዩ ባዶ ነው። ይህ መንገድ የት ይደርሳል? የትም። ቤቱ ውስጥ ሰው የሚኖርበት አይመስልም።»

«ዛፏስ?»

ኮርሶ ማኘኩን አቆመ። «ዛፏ... እሷ ደህና ናት። ዓይን ታሳርፋለች። እሷ ባትኖር ኮረብቶቹ ሁሉ ፊታችን ላይ ይዘረገፉ ነበር።»

«በመጨረሻ ዘመኑ ተሻሽሎ ነበር ማለት ነው?»

«ሰው... ሊሻሻል ይችላል» አለ ኮርሶ። ቃሉ እንደ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተቀረቀረ። ለማውረድ ወይን ጠጣ።

በማግስቱ ጠዋት ሴር ጌራርዶ ሁሉንም የዛኖቢ የሥራ ቤት ውስጥ ሰበሰባቸው። ጭንቅላት ያልወጣላቸው የድንጋይ መላእክት ግድግዳውን ተደግፈው ቆመዋል። ሞና ድያኖራ አንድ ያልተጠረበ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ኮርሶ ልብሱ አቧራ እንዳይነካው ቆሞ ቀረ። ላፖን ከነገመዱ አመጡት። በሩ ላይ ቢንዶና ድንጋይ ቆራጮቹ ተጋፉ፤ ሥራ የቀረባቸው ሳይሆን ሥራቸው ይህ የሆነ ይመስላሉ።

«ቢንዶ» አለ ሴር ጌራርዶ ወረቀቱን እየዘረጋ፤ «ይህችን ዛፍ ትናንት አፋፉ ላይ አይተሃታል። ምን ትመስል ነበር?»

«የዕቃ እጣቢ።»

«አሁንስ?»

ቢንዶ ቀርቦ አየ፤ ወደ ኋላ ዘለለና አማተበ። «ጠቁራለች! እንደ ኮረብቶቹ ጠቁራለች! ተአምር ነው!»

«ተአምር አይደለም፤ የሞና ድያኖራ ቀለም ነው።»

«አዲስ ቀለም እኮ ወረቀት ላይ ሲያርፍ ገርጣጣ ነው» አለች ሞና ድያኖራ፣ በሙያዋ እንደተጠየቀች ሴት ቀና ብላ። «አየር እየጠጣ ነው የሚጠቁረው። በማግስቱ ነው ቀለም የሚሆነው።»

«እኔም የሰው ኑዛዜ የምጽፈው በእንደዚሁ ዓይነት ቀለም ነው። የሟች ቃል ጠቁሮ የሚነበበው እሱ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።» ሴር ጌራርዶ አፍንጫውን ጠረገ። «ስለዚህ ኮረብቶቹ ከበዓሉ በፊት ተሥለው አልቀዋል። ዛፏ ግን የበዓሉ ቀን ጠዋት፣ እዚያው አፋፉ ላይ ተሣለች። ማን ሣላት? ዛኖቢ እንዳንል በዓሉ አለ። በዓሉን ሻረ ብንል እንኳ ጣቶቹ አሉ። አንድ መስመር አስምሮ ጣቱ ሳይጠቁር የማይነሳ ሰው፣ ይህን ሁሉ ቅጠል ስሎ እጁ ሎሚ ሎሚ ይሸታል? የሌለች አህያ የሚፍቅ ሰውስ የሌለች ዛፍ ይስላል?»

«የእኔ አህያ ናት» አለ ቢንዶ ለጎረቤቱ።

«ሌላ ሰው አብሮት ነበር ማለት ነው። ላፖ ሳቁን ሰምቷል።»

«ላፖ ያለውን ማን ያምናል?» አለች ሞና ድያኖራ። «ራሱ ሥሏት ይሆናል!»

«እጁን ይመልከቱ፤ እርስዎ በሰጡት ሎሚ የታጠበ ነው። ከካባው ሲወርድ ተይዞ እስካሁን ታስሯል፤ ከዚያ ወዲህ ሎሚ የሰጠው የለም። እሱም ብዕሩን እንደ ጌታው ነው የሚጨመድደው ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ዛፏን ሥሎ ቢሆን ኖሮ ጣቱ ይጮህበት ነበር።»

ሞና ድያኖራ የላፖን እጆች አየች። ለረጅም ጊዜ አየቻቸው።

«ዛፏን የሣለው ብዕርን ከላይ፣ በስሱ የሚይዝ ሰው ነው። እጅጌው ሳይቆሽሽ የሚሥል። የድንጋይ ሠራተኞችን ሥርዓት የማያውቅም ነው። ለእነሱ በበዓል ቀን ብዕርም መሮ ነው፤ እሱ ግን ዛኖቢ ሲሥል ወደቀ ይባላል ብሎ ብዕሩን ከነቀለሙ እዚያው ተወው። እዚህ መንደር ተወልዶ ይህን የሚሳሳት የለም። ወረቀቱንም ገደል ሊጥለው ይችል ነበር። አልጣለውም። ሰውየውን ከገፋ በኋላ ነፋስ እንዳይወስድበት ወረቀቱ ላይ ጠጠር ጫነ።»

ዓይኖች ሁሉ ወደ ነጩ እጅጌ ዞሩ።

ኮርሶ ሳቀ። «ሴር፣ ይህ የጥፍርና የሎሚ ነገር ነው። አንድም ያየኝ ሰው አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው ዳኛ ፊት ምን ሊሉ ነው?»

«እውነት ነው» አለ ሴር ጌራርዶ። «ምስክር የለኝም። እንግዲህ የቀረው የቤቱ ጉዳይ ብቻ ነው። ሞና ድያኖራ፣ ወረቀቱ የእርስዎ ነው። ዛፏ ግን የባልዎ አይደለችም። ምን ትሁን?»

ሞና ድያኖራ አላመነታችም። «ትፋቅ።»

ሴር ጌራርዶ የላፖን ገመድ ቆረጠ። የዛኖቢን መፋቂያ ቢላዋ ከመደርደሪያው አንስቶ ሰጠው። «ከሥሯ ጀምር።»

ላፖ የደነዘዙትን ጣቶቹን አፍታታ። ወረቀቱን በአንድ እጁ ያዘ፤ የቢላዋውን ስለት የዛፏ ሥር ላይ አሳረፈ። ስለቱ አንድ ጊዜ ጫረ። ትንሽ ጥቁር ብናኝ ተነሳ።

«ተው!» አለ ኮርሶ።

ላፖ ሁለተኛ ጫረ።

«ተው አልኩህ! አንተ ደንጊያ፣ ምን እንደያዝክ ታውቃለህ?» ኮርሶ አቧራውን ረስቶ ዘለለና ቢላዋውን በስለቱ በኩል ጨበጠው። ነጩ እጅጌ ቀላ። «በሕይወቴ እንደ እሷ ያለ ሥዬ አላውቅም! ዛኖቢም እንደ እናንተ ነገ እፍቃታለሁ አለኝ!»

ከዚያ በኋላ ማንም አልጠየቀውም፤ እሱም ማቆም አልቻለም።

«ዕድሜዬን ሙሉ ከማርያም ትከሻ ኋላ ኮረብታና ሰማይ ስሥል ኖርኩ። ማን አየልኝ? ሁሉም የሚያየው ማርያምን ነው። እሱ፣ ቅንድቡ ላይ አቧራ እንደተሸከመ፣ በአንድ የዝይ ላባ አየሩን ሣለው። አየሩን! ጎህ ሲቀድ ቀስቅሶ ወሰደኝና ‹ምን ይጎድለዋል?› አለኝ። ‹ዳር ላይ ዛፍ› አልኩት። ‹እኔ ዛሬ አልሠራም፤ አንተ ጨምርበት› ብሎ ብዕሩን ሰጠኝ። ጨመርኩ። አያት። ‹ቆንጆ ናት› አለ። ደስ አለኝ፤ እንደ ሕፃን ደስ አለኝ። ከዚያ ቀና ብሎ ያንን ራቁት ድንጋይ አየና ሳቀ። ‹ግን እዚህ የለችም እኮ፣ ኮርሶ። ነገ በዓሉ ሲያልፍ እፍቃታለሁ።› በክፋት ቢለው ኖሮ አልነካውም ነበር። ልክ ስለ አህያ እንደሚያወራ ነበር ያለው።»

ቢንዶ ጉሮሮውን ጠረገ። መሬት የወደቀውን የላፖን ገመድ አነሳ፤ ቀጠለው፤ በአክብሮት ወደ ሠዓሊው ቀረበ።

ኮርሶን ይዘውት ሲወጡ ሥራ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሰዎችና ጭንቅላት የሌላቸው መላእክት ቀሩ። ላፖ ቢላዋውን አላስቀመጠም።

«ልጨርሳት?» አለ።

ሞና ድያኖራ ተነስታ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። ባሏ የሣላቸውን ኮረብቶች እንዲህ ቀርባ አይታቸው አታውቅም፤ ሁልጊዜ ከበሩ ላይ ሆና ነበር የምትረግማቸው። ሴር ጌራርዶም አብሯት አየ። ከዛፏ ጋር ወረቀቱ በእርግጥ የተሻለ ነበር። ይህን ግን ለራሱ ያዘው፤ አፉን እንዳይከፍት አንድ ሽምብራ ጎረሰ።

«ተዋት» አለች ሞና ድያኖራ። «እነዚህን ኮረብቶች ሁሉ ስጠላ አረጀሁ። አሁን የምጠላት አንዲት ዛፍ ብቻ ናት። ያሳርፈኛል።»

ከዚያ ወደ ላፖ ዞረች፤ ዓይኑን ግን አላየችውም። የሚታያት ገመዱ አንጓው ላይ የተወው ቀይ መስመር ነው።

«አንተ ደግሞ እጅህን ታጠብና ና ብላ። ሎሚ አለ።»